ኔትወርክ ይሰርቃል የተባለው ልጅ

እትዬ ሱምያቲ ለተማሪዎች የምታከራየው ቤት ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚያ ነው። በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ለራሷ አስቀርታ ሌላውን ለዩኒቨርሲቲ ልጆች ሰጥታለች። ማላንግ በኢንዶኔዥያ ተማሪ ከሞላባቸው ከተሞች አንዷ ስለሆነች ክፍሎቿ ባዶ ሆነው አያውቁም። ልጆቹም ይወዷታል። የታመመ ካለ የሩዝ ገንፎ ትሠራለታለች፤ ፈተና የወደቀ ካለ ቴምፔ የሚባለውን የአኩሪ አተር ምግብ ጠብሳ ታባብላለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ያለው ስለሚያስቀይም ነው። የነገረችኝ ራሷ ናት፣ አንገቷን ደፍታ፣ የሻሿን ጫፍ እየፈተለች።

የቤቱ ዋይፋይ ድንገት ድንገት መጥፋት ጀመረ። መጥፋት ስል መንቀርፈፍ አይደለም። የሁሉም ስልክ፣ የሁሉም ላፕቶፕ እኩል ቀጥ ይላል። ቆይቶ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ጠዋት ይሆናል፣ ከሰዓት ይሆናል፤ ጊዜ አይለይም። ልጆቹ ግማሹን ትምህርት የሚማሩት በኢንተርኔት ነው፤ ስለዚህ ቤቱ የጩኸት ቤት ሆነ።

ከሁሉ የሚጮኸው ፋህሪ ነበር። ፋህሪ የሱራባያ ከተማ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ያጠናል፤ አፉ አያርፍም።

"ሄደ!" ይላል ከክፍሉ። "እትዬ፣ ደግሞ ሄደ!"

"ምኑ?" ትላለች ከጓሮ።

"ነፍሴ!"

ጥገናውን ራሱ ያዘው። ራውተሩን አጥፍቶ አበራ። ማቀዝቀዣው ላይ ይሞቃል ብሎ ወደ መስኮቱ አዛወረው። ገመዱን ቀየረ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጎ እንደ አዲስ ሞላው። ተሻለው ሲሉ ይብስበታል። በመጨረሻ ከኢንተርኔት ድርጅቱ ባለሙያ ተጠራ። እትዬ ሱምያቲ ቴሌቪዥኗን አጥፍታ ወጣችና ሻይ አቀረበችለት፤ እስኪጨርስም አጠገቡ ተቀመጠች። ሰውየው መስመሩን ለካ፤ ሁሉ ነገር ደህና ሆነ።

"በእኛ በኩል ችግር የለም" አለ ሻይውን ጠጥቶ። "ምናልባት ከልጆቹ አንዱ ብዙ የሚያወርድ ይሆናል፣ እትዬ።"

ይቺ ቃል ቤቱ ውስጥ ቀረች። ሰውየው እንደወጣ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ክፍል ዞረ።

የክፍሉ ባለቤት ካኒሲዩስ ይባላል፤ ካኒስ ነው የምንለው። በምስራቅ ካለችው ከፍሎሬስ ደሴት መጥቶ የእንስሳት እርባታ ያጠና ነበር። ጠቆር ያለ ነው፣ ጸጉሩ ከርዳዳ፣ ድምፁ ወፍራም። እኛ የጃዋ ደሴት ሰዎች ለስልሰን መናገር ስለለመድን፣ ድምፁ ወፍራም የሆነ ሰው ሁልጊዜ የተቆጣ ይመስለናል። ካኒስ ግን የእትዬ ሱምያቲን የውሃ ጋሎን ሳትጠይቀው የሚሸከምላት ልጅ ነበር። ሌሎቹ እትዬ ሲሏት እሱ እንደ አገሩ ወግ ማማ ነበር የሚላት።

ሐሙስ ከሰዓት ሴቶቹ ቁርአን ለመቅራት ስንሰባሰብ እትዬ ሱምያቲ ነገሩን አነሳችው። "የምስራቁ ልጅ ኔትወርኩን ይጨርስብናል መሰለኝ" አለች። "መሰለኝ" ነበር ያለችው። ሰፈሩ ግን "መሰለኝ"ን ወዲያው ጣላት። በሳምንቱ የጎዳናው ሰው ሁሉ ካኒስን ሲያይ ድምፁን የሚቀንስ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተሰብስበው ሳለ እትዬ ሱምያቲ ወጣችና ዙሪያ ጥምጥም ጀመረች።

"እንግዲህ ልጆቼ፣ አብሮ የሚኖር ሰው ይተሳሰባል። ብዙ የሚያወርድ ካለ ሌላውን አይጎዳም ወይ?"

"ማማ፣ እኔን ነው?" አለ ካኒስ።

"ስም አልጠራሁም።"

"ግን እኔን እያዩ ነው የሚናገሩት።"

"ሌባ ስሙ ሳይጠራ ይደነግጣል" አለ ፋህሪ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

ካኒስ ወደ ክፍሉ ገባና ላፕቶፑንና ስልኩን ይዞ ወጣ። በሁለት እጁ አቀረበላት።

"ይያዙልኝ ማማ። ዛሬ እርስዎ ጋ ይዋሉ። ኔትወርኩ ካልጠፋ ሌባው እኔ ነኝ። ከጠፋ ግን እኔ አይደለሁም።"

ተቀበለችው። ወስዳ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እሱ ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ ባዶ እጁን ተቀመጠ። እሷ ልብሷን አጣጠፈች፣ ትንሽ ጉድ ጉድ አለች፣ ከዚያ ድራማዋ ሊጀምር ስለሆነ ቴሌቪዥኗን ከፈተች።

"ሄደ!" ብሎ ጮኸ ፋህሪ።

እየሮጠች ወጣች። ካኒስ ካለበት አልተነሳም። ፊቱ ግን በርቶ ነበር።

"አዩ ማማ?" አለ። "አዩ አይደል?"

ልጆቹ ሁሉ እሷን አዩ። እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት አለችኝ፣ በኋላ ስትነግረኝ። ያን ጊዜ "ተሳስቻለሁ ልጄ" ማለት ነበረብኝ። ግን በልጆቹ ፊት አፈርኩ። ከማፈር ስሸሽ ማሳፈር ውስጥ ገባሁ።

"ሁለተኛ ስልክ ይኖርሃላ" አለችው።

ፋህሪ ከት ብሎ ሳቀ። ካኒስ ከአግዳሚው ተነሳ። ከዚያ "እሺ" አለ፤ እቃውን ተቀብሎ ገባ።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ሻንጣውን አወጣ። እትዬ ሱምያቲ "ምን አስቸኮለህ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ..." ስትለው እጇን ተቀብሎ እንደ ወጉ ግንባሩ ላይ አስነካ።

"ላስቸገርኩዎት ይቅርታ፣ እትዬ።"

ማማ አላለም። እሷም ሰማችው፤ እንዳልሰማች ሆነች።

በዚያው ሰሞን የእህቷ ልጅ ሠርግ ስለነበር ብሊታር ከተማ ሄዳ ሰነበተች። ስትመለስ ልጆቹ በደስታ ተቀበሏት።

"እትዬ፣ ጅኑ ወጣ!" አለ ፋህሪ። "እርስዎ ከሄዱ አንዴም አልጠፋም። አላልኩም?"

ደስ አላት። እውነቱን ልንገርሽ ደስ አለኝ አለችኝ፤ ልክ ነበርኩ ብዬ ደስ አለኝ። ሻንጣዋን አስቀምጣ፣ እግሯን ታጥባ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና የቴሌቪዥኑን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ማብሪያ ተጫነች። መብራት ለመቆጠብ ብላ ሁልጊዜ የምታጠፋውና የምታበራው ከዚያው ከማከፋፈያው ነው።

"ሄደ!" አለ ከወዲያ።

ምን እንደሆነ ለመጠየቅ ልትወጣ ስትነሳ ማከፋፈያውን አጠፋችው።

"መጣ! መጣ!"

ቆመች። ከዚያ እጇን ሰደደችና መልሳ አበራችው። ጩኸት። አጠፋችው። ዝምታ። በጉልበቷ ተንበርክካ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያለውን ገመድ በእጇ ተከተለችው። አንዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ሌላው በጨርቅ ወደተሸፈነ ነገር። ጨርቁን ገለጠችው፤ አሮጌ ራውተር ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ድርጅቱ የቤቱን ራውተር በአዲስ ሲቀይር ልጇ ጉንቱር ለኢድ ከሚሠራበት ከባታም መጥቶ ነበር። "ዋይፋዩ አንቺ ክፍል አይደርስም እማ" ብሎ አሮጌውን ወስዶ፣ ገመድ በግድግዳው አሹልኮ እዚህ አስቀምጦላት ነበር። እሷ ስልኳን የምትጠቀመው በካርድ ስለሆነ ረስታው ነበር። ደወለችለት።

"እማ፣ አሁንም አለ እንዴ እሱ?" አለ ጉንቱር። "አደራሽን ንቀይው! በቅጡ ሳላስተካክለው ነው እረፍቴ ያለቀው። እሱ ሲበራ ሁለቱም 'የኢንተርኔቱ በር እኔ ነኝ' ነው የሚሉት። ስልኮቹ የትኛውን እንደሚሰሙ ይጠፋቸዋል፣ ያኔ ሁሉም ይወድቃል። ምነው፣ ችግር ፈጠረ?"

"ኧረ የለም" አለችው። "የለም ልጄ።"

ነቀለችው። ቁምሳጥኑ ውስጥ ከብርድ ልብሱ ስር ከተተችው። ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ በኋላ ኔትወርኩ አንዴም አልጠፋም። ሰላም ግን አላገኘችም። ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቁጥር የካኒስ ጥፋት ይበልጥ እየተረጋገጠ ሄደ። ሐሙስ ስንገናኝ ሴቶቹ "ጥሩ አደረግሽ፣ ነገር ከሥሩ ነው የሚነቀል" አሏት። አቀርቅራ ቁርአኗን ገለጠች። ሻይ ሲመጣ ሆዴን አመመኝ ብላ ወጣች። እኔም አመንኳት።

ነገሩን ያፈረጠው ፋህሪ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ባዶውን ክፍል ሊያይ የመጣ አዲስ ተማሪ ነበር። የሱምባ ደሴት ልጅ ነው፣ እሱም ከምስራቅ። ልጁ በር ላይ እየጠበቀ ሳለ ፋህሪ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ ለእነሱ እንዳያከራዩ። አንዴ አይተናቸዋል እኮ።"

እትዬ ሱምያቲ ምሳዋን ገፋ አደረገች። ተነሳች። ወደ ክፍሏ ገብታ አሮጌውን ራውተር ይዛ ወጣች። ልጆቹ በሚበሉበት ጠረጴዛ አጠገብ ገመዱን ከቤቱ ራውተር ጋር አገናኝታ ሶኬቱን ሰካች። ከአፍታ በኋላ ሁሉም ከስልኩ ቀና አለ።

"ሄደ" አለ ፋህሪ፤ የዚህን ጊዜ ግን ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

"ይኸው ሌባው" አለች። "ከኔ ክፍል ነው የወጣው። ቴሌቪዥን በከፈትኩ ቁጥር የምቆርጥባችሁ እኔ ነበርኩ። ካኒስ አይደለም። ካወቅሁት ሰንብቻለሁ፤ አፍሬ ደበቅሁት።"

የሱምባው ልጅ ምን ውስጥ እንደገባ ግራ ገብቶት በር ላይ ቆሟል። ፋህሪ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እኔም..." አለና ቆመ። "ራውተሩ ውስጥ ገብቼ ማን ስንት እንደሚጠቀም አይቼ ነበር። ካኒስ ከሁላችንም ያነሰ ነበር የሚጠቀመው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"እንጃ እትዬ። ሁሉም እየሳቀ ነበር።"

በማግስቱ ካኒስ ወዳለበት ወደ ዲኖዮ ሰፈር ልትሄድ ስትነሳ ፋህሪ "አብሬዎት ልምጣ" አላት።

"አንተ የራስህን ይቅርታ ለብቻህ ሄደህ ትጠይቃለህ" አለችው። "በኔ ቀሚስ አትሸፈንም።"

ሚኒባስ ተሳፈረች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር። ካኒስ የተከራየው ከገበያው ጀርባ ባለ ጠባብ ግቢ ነው። ስትገባ ከቤቱ ባለቤትና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በረንዳ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ፤ እጇን ተቀብሎ ግንባሩ ላይ አስነካ።

"ማናቸው?" አሉ የቤቱ ባለቤት፤ ሽበታም ሰው ናቸው።

"በፊት የተከራየሁባቸው እናት ናቸው" አለ ካኒስ። "በጣም ጥሩ ሰው ናቸው። ሊጠይቁኝ መጥተው ነው።"

እትዬ ሱምያቲ ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋት። ቢሰድባት ትዘጋጅበት ነበር። እሱ ግን በሰው ፊት ሸፈናት።

"ኧረ አይደለም" አለች። "ጥሩ ሰውስ አይደለሁም። ያለ ጥፋቱ ሌባ ብዬ ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ ከኔው ክፍል ነው የተገኘው። ይቅርታ ልጠይቀው ነው የመጣሁት፣ እናንተም ስሙልኝ።"

በረንዳው ላይ ያሉት እርስ በርስ ተያዩ። ሽበታሙ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው "ተቀመጪ እህቴ፣ ሻይ ይምጣልሽ" አሉ። ካኒስ መሬት መሬት ያያል፤ ከሷ ይልቅ ያፈረው እሱ ይመስል ነበር።

እስከ ሚኒባሱ ድረስ ሸኛት።

"ይቅር ብያለሁ" አላት ሚኒባሱን ሲጠብቁ። "ግን እዚያ ቤት አልመለስም፣ እትዬ። አይቆጡኝ። እናቴ በስልክ ለምን ቤት ቀየርክ ስትለኝ ለትምህርት ቤት ስለሚቀርብ ነው አልኳት። እሷን ስዋሽ የመጀመሪያዬ ነው።"

"እኔ ልደውልላትና ልንገራት?"

"አይ" አለ። "ሌባ መባሌን ባትሰማ ይሻላታል።"

ሚኒባሱ መጣ። ደግፎ አሳፈራት።

ክፍሉን ለሱምባው ልጅ ሰጠችው። በቀጣዩ ሐሙስ በእኛ በሴቶቹ መሃል ቆማ ሁሉንም ተናገረች። አንዳንዶቹ "ይሁን፣ ሰው ይሳሳታል" አሉ። አንዷ ደግሞ "ቢሆንም እነዚያ ልጆች..." ብላ ጀመረች፤ እትዬ ሱምያቲ እንዲያ አምርራ ስትቆጣ ያየኋት ያን ዕለት ነው። ፋህሪ ዲኖዮ ሄዶ እንደሆነ አላውቅም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

ካኒስ ተመርቆ ወደ ፍሎሬስ ሲመለስ ደውሎ ተሰናብቷታል። ባለፈው ኢድም "እንኳን አደረሰዎት" ብሎ ደውሏል። ሁለቱንም ጊዜ የደወለው እሱ ነው። ለገና እኔ እደውልለታለሁ ብላኝ ነበር፤ የበዓሉ ዕለት ቁጥሩን አውጥታ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሲመሽባት አየኋት። አልደወለችም።