ውሃው እስከ አስር ሰዓት ይሸሻል

የጉዞ ወኪሏ ስለዚያች ደሴት የማትመክረው ነገር አልነበረም። ነጠላ ጫማ ያዙ፣ የቧንቧ ውሃ አትጠጡ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ አለዚያ ሒሳቡ ጉድ ይሠራችኋል፤ ሁሉም በአንዲት ወረቀት ላይ ሰፍሯል። ደሴቲቱን አይታት ታውቃለች? የት አግኝታ! ወረቀቷን ከእሷ በፊት ከነበረችው ሠራተኛ ተረክባ፣ በየዓመቱ ዓመቱን ብቻ እየቀየረች ታትማታለች።

ማክሰኞ ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር ከደሴቲቱ የተመለሱ አንድ ጡረተኛ መምህር ገብተው ወረቀቷን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጓት።

«ልጄ፣ ልትፈጂን ነበር እኮ! ‹ወደ ትንሿ ደሴት በእግራችሁ ተሻገሩ፣ ውሃው እስከ አስር ሰዓት ይሸሻል› ትላለች ወረቀትሽ። የሸሸው ውሃ ተመልሶ የሚሞላበት ሰዓት በየቀኑ ይለያያል! ዋና ባንችል ኖሮ አልቆልን ነበር።»

ክው አለች። ታናሽ እህቷ ካገባች ገና ሳምንቷ ነው፤ ከባሏ ጋር እዚያችው ደሴት ላይ ናት። ወረቀቷን በገዛ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችላት ደግሞ እሷው ናት። ባልና ሚስቱ ዋና የሚባል ነገር አያውቁም።

ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። ምነው አይዘጋ፣ ራሷ አይደለች ዝጉ ያለችው! ያረፉበት ሆቴል ደወለች።

«ጠዋት ወደ ትንሿ ደሴት ወጥተዋል» አለች እንግዳ ተቀባይዋ። «ዛሬ ውሃው ቶሎ ይመለሳል ብያቸው ነበር፤ እህትሽ ሳቀችብኝ። አሁን እየሞላ ነው።»

«በፈጠረሽ፣ ጀልባ ላኪላቸው!»

ከዚያ በኋላ መቀመጥም መቆምም አቃታት። መምህሩም ጥለዋት መሄድ አልሆንላቸው ብሎ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ አጠገቧ ቆሙ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ!» እህቷ ናት፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። «ተርፈናል። ባሌ ትከሻው ላይ ተሸክሞኝ፣ ውሃው አንገቱ ጋ ሲደርስ ነው ጀልባው የመጣልን።»

«እሰይ! እሰይ፣ የኔ እናት!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይኸ ጀልባ ነጂ ደግሞ ወረቀቱ ነው የተሳሳተው ይለኛል! እህቴ ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች ብለው ሊሰማኝ ነው? እስቲ አንቺው ንገሪልኝ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌዋለሁ።»

«ወረቀቱ ያንቺ ነው?» አለ ጀልባ ነጂው ድክም ባለ ድምፅ።

«የኔ ነው።»

«ይኸን ባሕር አይተሽው ታውቂያለሽ?»

«ንገሪው እንጂ፣ እትዬ!» አለች እህቷ ከኋላ።

«አላውቅም፣ ወንድሜ» አለች። «አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።»

እህቷ ስልኩን ዘጋችው።