የምንዋጋው ጉልበት

በዚያ ኅዳር የሰቆጣ ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው፤ ምንዋጋው ምን ሆነ? ባለፈው ዓመት አሥራ ዘጠኝ ግብ ያገባ አጥቂ፣ ከጎረቤቱ ከዝቋላ ወረዳ ድረስ ሰው በእግሩ ተጉዞ የሚያየው ልጅ፣ ድንገት ጉልበቱ ቄጤማ ሆነ። ኳስ ሲመጣለት ይዘገያል፤ ተከላካይ ሲጠጋው ዘወር ይላል። ገበያው መልስ አላጣም። አንዱ ቡዳ በልቶት ነው ሲል ሌላው ፍቅር ይዞት ነው ይላል። የሚበዛው ግን «ለባሕር ዳር ፈርሟል፤ እግሩን ለነሱ እየቆጠበ ነው» ባይ ነበር።

ቄስ አሥራተ ማርያም መልሱን የሚያውቁ መስሏቸው ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሰው ሲጠይቃቸው «እንጃ፣ ወጣት አይደል» እያሉ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ያልፋሉ። የልጁ የንስሐ አባት ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበላቸውና፣ የኳስ ሰው ናቸው። ከሜዳው በላይ ባለው ዳገት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለቻቸው፤ እሑድ ከሰዓት ሌላ ሰው አይቀመጥባትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት መጨረሻ አሰልጣኝ ኪዳኑ የመፈረሙን ወሬ ሰማና ተጫዋቾቹን ሁሉ ከደብሩ በር አቁሞ አስማላቸው። ምንዋጋው ከባሕር ዳሩ ክለብ ጋር ከፈረመ ሳምንት አልፎታል፤ ቢሆንም «ማርያምን አልፈረምሁም» ብሎ ማለ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ለቄሱ ተናዘዘ። ቄሱ ክው አሉ። በቀን ሁለት መቶ ስግደት፣ ሰንበቶቹ ሳይቆጠሩ አርባ ቀን፣ ሲጨርስም ለኪዳኑ እውነቱን መንገር፤ ይህን ቀኖና ሰጡት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታዲያ ልጁ ባዶ ግብ ፊት ቆሞ ኳሷን ሲስት፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲዳብስ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው አዩት። «ወዮልኝ» አሉ በሆዳቸው፣ «ይህን ልጅ የሰበርሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጡ። ቅዳሴ ላይ ተራቸው ሲደርስ ዲያቆኑ እጀታቸውን መጎተት ጀመረ። እቤት ሲገቡ ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፣ ደጅ ወጥተው ደመና ያያሉ፣ ተመልሰው ይቀመጣሉ። በኅዳር መጨረሻ ከጎረቤት ወረዳ ከደሃና ጋር ጨዋታ አለ፤ ያሸነፈ ለክልሉ ውድድር ያልፋል። ሰቆጣ ከተሸነፈ ምንዋጋው የሚሄደው ከሃዲ ተብሎ ነው። እሱስ ይሄዳል፤ እናቱ እናትነሽ ግን ከዚሁ ሰው መሀል ቀሪ ናት። ምስጢሩን እንዳያወጡት ንስሐ ነው። ቀኖናውን እንዳያነሡለት ደግሞ አምና ያደረጉት ትዝ ይላቸዋል፤ ገበሬው ጌታሰው አጨዳ ደርሶብኝ ነውና ይፍቱኝ ብሎ ቢለምናቸው «ማጭድህ ይጠብቃል፣ ነፍስህ ግን አትጠብቅም» ብለው መልሰውታል። ለማጭድ ያልፈቱትን ለኳስ ሊፈቱ ነው? ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

ጨዋታው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ከኪዳን ጸሎት በኋላ አስጠሩት።

«ፈትቼሃለሁ» አሉት። «ከዛሬ ጀምሮ እንዳትሰግድ። ጉልበትህን አሳርፍ።»

ምንዋጋው መሬት መሬት አየ። «ግን እኮ፣ አባ...»

«ግን የለም።»

ልጁ መስቀል ተሳልሞ ሄደ።

ቄሱ አልቀለላቸውም። የፈቱት አዝነውለት ነው ወይስ ደሃናን ለማሸነፍ? እንግዲህ ቀኖና ሜዳ ላይ ወድቆ አይቀርም ብለው፣ በስድሳ አራት ዓመታቸው፣ በዚያው ማክሰኞ የልጁን ስግደት ራሳቸው ጀመሩት። ሁለት መቶ። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ሚስታቸው የሺመቤት ብትጠይቅ፣ ብትቆጣ፣ አልተነፈሱም።

የጨዋታው ቀን እንደምንም ብለው ድንጋያቸው ላይ ደረሱ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያው ነው። ምንዋጋው ከሰው ይርቃል፣ ይዘላል፣ ያመልጣል። ደሃና አንድ አገባ። ሰው «እግርህን በጨርቅ ጠቅልልና ባሕር ዳር ላክልን» እያለ ይሰድበው ጀመር። ኪዳኑ ሲናደድ የሚሳደበው በኽምጣንጋ ነው፤ የዚያን ቀን አማርኛ ከአፉ አልወጣም።

ለእረፍት ተጫዋቾቹ ውኃ ሊጠጡ ከዳገቱ ሥር መጡ። የሺመቤትም ጋቢ ይዛ ከላይ ደረሰች። ባሏ ሊነሡ ሞክረው ሲያቅታቸው አየችና ትዕግሥቷ አለቀ።

«እንደው የማንን ኃጢአት ነው የሚሰግዱልን? ካለፈው ማክሰኞ በፊት ከነበረው ማክሰኞ ጀምረው በየቀኑ ሁለት መቶ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ጉልበትዎ አልቆ ማን ሊቀድስ ነው?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴት» አሉ ቄሱ። ግን ዘግይተዋል። ምንዋጋው የውኃ ጆጉን አፉ ላይ እንደያዘ ቀርቷል። ማክሰኞ፤ ሁለት መቶ። ቀና ብሎ አያቸው። ጆጉን መሬት አስቀመጠና ሳይጠጣ ሄደ።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ያንን ልጅ ያየ፣ የቅድሙ ነው አይልም። ኳስ ባለበት ሁሉ አለ። አንዴ ወድቆ ተነሣ፣ ሁለቴ ወድቆ ተነሣ፣ አንድ አገባ። ሊያልቅ ሲል ከቀኝ በኩል ኳስ ተሻገረች፤ የደሃናው ተከላካይ እግሩን ዘረጋ፤ ምንዋጋው ከነደረቱ ገባበት። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ቄሱ ብቻ ብድግ ማለት አልቻሉም። ከፊታቸው የሰው ጀርባ እንጂ ሌላ አይታይም።

«የሺ፣ ገባ?»

«ገብቷል።»

«ልጁስ? ተነሣ ወይ?»

የሺመቤት በሰው ትከሻ መሀል አንገቷን አሰገገች። ቄሱ ድንጋያቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፈሩ፤ እንደዚያን ጊዜ ፈርተው አያውቁም።

«ተነሣ» አለች በመጨረሻ። «ያነክሳል።»

ሰው ሲበተን ምንዋጋው ጉልበቱ እየደማ ዳገቱን ወጥቶ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠ። የሺመቤት ነገሩ ገብቷት ራቅ አለች።

«አባ፣ ስግደቱን በአራተኛው ቀን ነው የተውሁት። ጉልበቴን ቢጎዳብኝስ ብዬ። ከፈረምሁ ወዲህ እግሬ የሰው አደራ ሆነብኝ። ኳስ ሲመጣ ኳሱን ሳይሆን እግሬን ነው የማየው። ሲፈቱኝ ልነግርዎ ነበር፤ አፈርሁ።»

ቄሱ ተናደዱ፤ ጭራቸውን አንሥተው ሊመቱት ምንም አልቀራቸውም። ኋላ እጃቸው ወረደ።

«እኔም ለነፍስህ ብዬ አልነበረም የፈታሁህ» አሉ። «ለደሃና ጨዋታ ነው። ለኪዳኑስ?»

«አሁን ነገርሁት። የመልቀቂያ ወረቀቱን አልፈርምልህም፣ ከዓይኔ ጥፋ አለኝ።»

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ቄስ አሥራተ ማርያም በመቋሚያቸው እየተደገፉ ደብሩ ደረሱ። ከግድግዳው ሥር አንድ ሰው ይወድቃል ይነሣል፤ አንዱ ጉልበቱ በነጭ ፋሻ ታስሯል።

«ስንት ደረስህ?»

«ሠላሳ ስድስት፣ አባ።»

«ስግደቱን አይደለም፤ ቀኑን።»

ምንዋጋው ግንባሩን ከአፈር ቀና አደረገ። «አንድ።»

«ጉልበትህስ?»

«ያመኛል።»

«የኔም ያመኛል» አሉና ከአጠገቡ ቆሙ። «በል ቀጥል። ቆጣሪው እኔ ነኝ፤ አንተ ቁጥር ላይ አትታመንም።»