ቁጥር ሰባት መጥረቢያ

አሮጌ መጥረቢያ ሲገዛ ቶሎ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ይከስራል። እኔ መጀመሪያ ዝም ነው የምለው። አነሳዋለሁ፣ ክብደቱን በእጄ እመዝናለሁ፣ ስለቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ መወላገዱን አያለሁ። ከዚያ ጎኑን በአውራ ጣቴ እዳብሳለሁ። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ከሆነ ስፌት የመሰለ ቀጭን መስመር ይኖረዋል፤ በእሳትና በመዶሻ የተሠራው ግን መስመር የለውም፣ ብቻ እዚህም እዚያም ትንሽ ጎርበጥ ይላል። በመጨረሻ እጀታውን በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ብረቱን በቤቴ ቁልፍ መታ አደርገውና ጆሮዬን አስጠጋለሁ። ጤነኛ ብረት ይዘፍናል፤ የተሰነጠቀ ያስላል።

ይህን ያስተማረኝ የለም። ሥራዬ ራሱ ማዳመጥ ስለሆነ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ረጅም የብረት ዘንግ መንገድ ላይ አቁሜ፣ ጫፉን ጆሮዬ ላይ ደግፌ፣ ከመሬት በታች ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ እሰማለሁ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመቴ። የሚያውቁኝ ሁሉ ስሜን ትተው "ዶክተር" ነው የሚሉኝ።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ የሄድኩት ግን እንደ ወትሮው ዓይኔን ላዝናና አልነበረም። ታላቅ እህቴ ሰኞ ዕለት ከተማውን ለቃ ልጇ ዘንድ ልትኖር መሆኗን በሰው በሰው ሰምቻለሁ። በሰው በሰው የሰማሁት ስድስት ዓመት ስላልተነጋገርን ነው። ያኳረፈን ደግሞ መጥረቢያ ነው።

አባታችን አናጢ ነበር። ሲሞት ቤቱን ያጸዳችው እህቴ ናት፤ የሥራ ዕቃውን በጆንያ ጠቅልላ ላከችልኝ። ከጆንያው በወጣው ዕቃ ውስጥ ብፈልግ ብፈልግ የአባባን መጥረቢያ አጣሁት። የአባባ መጥረቢያ ጎኑ ላይ ሦስት ነጥብ ነበረው፤ ከሌሎቹ አናጢዎች ዕቃ እንዳይቀላቀልበት ራሱ በሹል ብረት የመታው። ሐዘኑ ሳይወጣልን፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ "ሸጠሽዋል" አልኳት። "አልሸጥኩም" አለች። ከዚያ ወዲህ እሷ በሬን ረግጣ አታውቅም፤ እኔም በሯን።

ታዲያ ከመሄዷ በፊት መጥረቢያው የት እንደገባ አውቄ ነገሩ እንዲቋጭ ፈለግሁ። ሸጣው ከሆነ ይቅር ልላት፣ ካልሸጠችው ይቅር እንድትለኝ። ጠዋት ስጸልይም የለመንኩት ይህንኑ ነው። ለመጥረቢያ ብዬ ፈጣሪን ማስቸገሬ ግን ትንሽ አሳፍሮኝ ነበር።

ዝገቱ የምንለው ነጋዴ ሰማያዊ ሸራውን እንደ ሁልጊዜው ከግንቡ ሥር ዘርግቷል። ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ አንድ እግር የጎደለው ሚዛን፣ ማንም የማይደውልበት ስልክ፣ ከነሱ ጎን አምስት መጥረቢያ።

"ዶክተር! በሽተኞችህ ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው እየጠበቁህ ነው" አለኝ።

"የባሰበት የትኛው ነው?"

"ባለቤታቸው።" ደረቱን መታ መታ አደረገ። "ዛሬ እስካሁን ሰባራ ሳንቲም አልቀመስኩም።"

ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። አልከበደኝም፣ አልቀለለኝም። ስፌት የለውም። ጎኑን በምራቄ አርሼ ሳሽ አንዲት ነጥብ ብቅ አለች፤ ክብ፣ ጠለቅ ያለች፣ በሰው እጅ የተመታች። አንድ ብቻ። ከአጠገቧ ግን ብረቱ ከሚገባው በላይ ለስልሷል፤ አንድ ሰው በሞረድ አብዝቶ ሞርዶታል። አንጠልጥዬ በቁልፌ መታሁት። ድምፁ ረዘም ብሎ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። ልጅ ሆኜ አባባ ከሥራ ሲገባ መጥረቢያውን የደጃፉ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጥ የምሰማው ድምፅ መሰለኝ። "መሰለኝ" ነው የምለው። አልምልም።

"ይሄን ከየት አመጣኸው?"

ዝገቱ ቀና ብሎ አየኝና "ትቀልዳለህ?" አለ።

"በሞቴ፣ ንገረኝ። የሸጠችልህ ሴት ናት? ረዘም ያለች፣ ስትናገር ድምጿ ወፈር የሚል?"

"ሴት?" ጎኑ ወዳለው አሮጌ ጫማ ሻጭ ዞረ። "ስማ እንጂ! ዶክተር ዛሬ ለየለት!" ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ለታመመ ሰው እንደሚናገር ቀስ አለ። "ወንድሜ፣ ያመጣኸው አንተ ነህ። አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። በካርቶን፣ እጀታ የሌላቸው አራት ራሶች። ይሄኛውን አንድ ሥጋ ሻጭ ወሰደው፤ ሱቁን ሲዘጋ ጊዜ መልሶ እኔው ላይ ጣለው። እጀታው የሱ ነው።"

"ተሳስተሃል። እኔ አይደለሁም።"

"ሰው እረሳለሁ፣ ብረት አልረሳም። በል የእጀታውን ቀዳዳ እየው።"

አየሁት። የሥጋ ሻጩ እጀታ ለቀዳዳው ቀጭን ነበርና ዳር ዳሩን በስንጥር ሞልቶታል። ስንጥሩን በቁልፌ ጫፍ ነቅዬ ወደ ውስጥ አጮለቅሁ። ቀይ ነገር አለ። ያንን ቀይ አውቀዋለሁ፤ የሚስቴ የጥፍር ቀለም ነው። ያኔ ዝገት የማስለቅቅበት ኮምጣጤም ቢሆን አያስለቅቀውም ብዬ የመጥረቢያ ራስ ሁሉ ቀዳዳው ውስጥ ቁጥር የምጽፈው በሱ ነበር። ብረቱን አዘነበልኩት። ሰባት ቁጥር። እኔ ሰባትን ስጽፍ ወገቡ ላይ መቀነት ሳላስር አልተውም፤ ይሄኛውም ታጥቋል። የገዛ ራሴ የእጅ ጽሑፍ ከሰው ሸራ ላይ ሆኖ አፍጥጦ አየኝ።

"ስንት ነው?" አልኩት፤ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

"ለገዛ ዕቃህ? እጥፍ!" ብሎ ሳቀ። ሳልከራከር እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ ግን ሳቁ ቆመ። "ደህና ነህ ግን? ስቀልድ እኮ ነው። ባለፈው በሸጥክልኝ ዋጋ ውሰደው።"

ቤቴ እስክደርስ ነገሩን ከፊትም ከኋላም አሰብኩት። ጆንያው በመጣ ሰሞን ለዚህ አሮጌ መጥረቢያ የመሰብሰብ ነገር አዲስ ነበርኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ራሱን ከእጀታው አላቅቄ፣ ለራሱም ለእጀታውም አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥቼ፣ ራሶቹን በአንድ ባልዲ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። የጆንያውንም፣ ከገበያ የገዛኋቸውንም፣ አንድ ላይ። በሁለተኛው ቀን አውጥቼ ፊት እስኪያሳዩ ድረስ ሞረድኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሦስት ነጥብ መፈለግ የጀመርኩት። ዛሬ ለጠየቀኝ ሁሉ "መጀመሪያ እይ፣ ቀጥሎ ጻፍ፣ መጨረሻ ላይ አጽዳ" እላለሁ። ያኔ መጀመሪያ አጸዳሁ። ሁለቱን ነጥብ በገዛ ሞረዴ በልቼ፣ ጠፋ ብዬ እህቴን ሌባ አደረግኳት ማለት ነው?

ወይስ ሰባት ቁጥር ከገበያ ከገዛኋቸው አንዱ ይሆን? ደብተሬን አወጣሁ። የሰባት ክብደት አለ፣ የስለቱ ስፋት አለ፣ "እጀታው ተሰንጥቋል፣ ራሱ ብቻ ይሸጥ" የሚልም አለ። ከየት እንደመጣ አልጻፍኩም።

"የሰባት ቁጥር እጀታ የት ይሆን?" አልኩ፣ ለራሴ እንደማወራ።

"ቀይ ቀለሜን የቀባህበት እንጨት?" አለች ሚስቴ ከጓዳ። "የዕቃ ቤቱን መስኮት ደግፎ ይዞልኝ የለ እንዴ! ብትነካው መስኮቱ ጭንቅላትህ ላይ ነው የሚመጣው።"

ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ አየዋለሁ። መስኮቱን በድንጋይ ደገፍኩና እንጨቱን አወጣሁት። የሥጋ ሻጩን እጀታ መትቼ አወለቅሁ፤ የኛን አስገባሁ። ቤቱን እንደሚያውቅ ሰው ሳያንኳኳ ገባ። መሃሉ ላይ ስንጥቅ አለ፤ ከስንጥቁ በላይ ደግሞ አውራ ጣት ሲያርፍበት የኖረ ጎድጓዳ ቦታ አለ። አውራ ጣቴን ላሳርፍበት ብል እምቢ አለኝ። በግራ እጄ ስይዘው ልክ ሆነ።

"አባባ ግራኝ ነበር እንዴ?" አልኳት ሚስቴን።

"የአባትህን እጅ እኔን ትጠይቀኛለህ?"

ለማስታወስ ሞከርኩ። ሳሉን አስታወስኩ፣ የመጋዙን ድምፅ አስታወስኩ። እጁ አልመጣልህ አለኝ። እንዴት ሰው የአባቱን እጅ ይረሳል?

"ለኔ ምኑን ታስረዳኛለህ" አለች ሚስቴ። "እሷ ዘንድ ሂድ። ሰኞ ቅርብ ነው።"

የእህቴ ቤት ባዶ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ግድግዳው ላይ ፎቶዎቹ የነበሩበት ቦታ ብቻ ነጣ ነጣ ብሎ ይታያል። ሳሎኑ መሃል ሳህንና ብርጭቆ የታጨቀበት ትልቅ የእንጨት ሣጥን፣ ክዳኑ ገና አልተመታም። በሩን ከፍታ መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ቀጥሎ እጄን።

"በስድስት ዓመትህ በመጥረቢያ መጣህ?" አለች። "ጨርሳት ብለውህ ነው?"

"እታለም፣ ልግባ?"

መንገድ ለቀቀችልኝ። ሳልቀመጥ ጀመርኩ፤ ገበያውን፣ ቀዩን ቀለም፣ ባልዲውን፣ ሞረዱን፣ መስኮቱን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መጥረቢያውን ከእጄ ወሰደችና ጎኑን አገላብጣ አየች።

"ስንት ነጥብ ነበር ያልከው?"

"ሦስት።"

"ሁለት ነው።"

"ሦስት ነው እታለም። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት።"

"ሁለት! ሲመታው ብረቱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አንተ ያኔ አልተወለድክም። እዚህ ላይ ስንት አለ?"

"አንድ።"

ተያየን። እሷ ቀድማ ሳቀች፤ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ፊቷ ላይ የቀረው ሳቅ አልነበረም።

"አባባ ግራኝ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋት ቶሎ።

"ሲሠራ በግራው፣ ሲበላ በቀኙ። ይሄንንም አታውቅም?"

"አላስታወስኩም።"

"ምን ታስታውሳለህ አንተ። ከመሬት በታች የሚንጠባጠብ ውሃ ትሰማለህ። እኔ ፊትህ ቆሜ 'አልሸጥኩም' ስልህ ግን አልሰማህም።" መጥረቢያውን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። "ጥፋቱ ያንተ ነው ብሎ ዝገት የሚሸጥ ሰው ሲነግርህ አመንክ። እኔ ስነግርህ ምን ነበረበት?"

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኩ።

"ይሄ ባይገኝስ ኖሮ? ትመጣ ነበር?"

"አዎ" ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ጠዋት ስጸልይ የነበርኩ ሰውዬ ነኝ፤ በዚያው ቀን መዋሸት ከበደኝ። "እንጃ እታለም" አልኳት። "አላውቅም።"

ጎንበስ ብላ ከወለሉ ላይ ኩባያ ሙሉ ምስማር አነሳችና እጄ ላይ አኖረችልኝ።

"በል ወንድምዓለም፣ ቆመህ ከምታየኝ ክዳኑን ምታልኝ። መዶሻዬን ከሌላው ዕቃ ጋር ጭነውታል።"

የመጥረቢያ ጀርባ መዶሻ አይደለም። ለስንቱ ሰው ነግሬያለሁ፤ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብረቱ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ግን ትንፍሽ አላልኩም። በግራ እጄ ሞከርኩና አቃተኝ፤ በቀኜ ያዝኩት። እሷ የቀሩትን ልብሶች ልታጥፍ ወደ መኝታ ቤት ገባች። የመጀመሪያውን ምስማር መታሁ፣ ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛው ላይ የእግሯ ኮቴ ቆመ።

"ደግመህ ምታ" አለች ከውስጥ።

መታሁ።

"እሱ ነው?" አልኳት።

"ቆይ። ደግመህ።"

ደግሜ መታሁ። በሩ ላይ ብቅ አለች፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና። እንደዚያ ስታዳምጥ አይቻት አላውቅም። እኔም ጆሮዬን ጣልኩ። አንዴ እሱ ይመስለኛል፣ አንዴ ደግሞ ማንኛውም ብረት ማንኛውንም ምስማር ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ይሆንብኛል።

"ነው?"

"እንጃ" አለች። "ደግመህ።"

እንዲህ እያልን ኩባያው ባዶ ሆነ። ለሦስት ሣጥን የሚበቃ ምስማር አንድ ክዳን ላይ ገብቷል። ዓይኗን ገልጣ አየችውና "በል እንግዲህ!" አለች። "እዚያ ስደርስ በምኔ ልከፍተው ነው?"

"በመጥረቢያ ነዋ።"

"በየትኛው?"

ስለቱን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቀለልኩና ከሻንጣዋ ጎን አጋደምኩት። የማን እንደሆነ በእርግጠኝነት ሳላውቅ ነው የሰጠኋት። እሷም ሳታውቅ ተቀበለችኝ።

"እኔ ይሄን ሁሉ ምስማር የምነቅልበት ጉልበት የለኝም" አለች። "የቸነከርከው አንተ ነህ፤ መጥተህ ትከፍታለህ።"

"መቼ ልምጣ?"

"ሳህኖቼ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው" አለችኝ፣ በሩን እየያዘችልኝ። "አስብበት።"