ውሃው የት ይሄዳል?

በቀለም ፋብሪካው ሠራተኛ የምትቀጥረው እሷ ስለሆነች ሁሉም «እትዬ ቅጥር» ይሏታል። ሰው ትጠይቃለች እንጂ አትጠየቅም። ያን ቀን ግን ለቃለ መጠይቅ የመጣችው ወጣት ኬሚስት ስለ ደመወዝም ስለ እረፍትም ሳታነሳ፣ «በርሜሎቹ የሚታጠቡበት ውሃ የት ይሄዳል?» አለቻት።

እትዬ ቅጥር «አጣርቼ ልደውልልሽ» ብላ ሸኘቻት።

ነገሩ አላስቀምጥ አላት። ከምሳ በኋላ ከማደባለቂያው ክፍል ጀርባ ዞረች። ያን ሁሉ ዘመን ስትሠራ እዚያ ረግጣ አታውቅም። ከግንቡ ሥር የወጣ ቱቦ ሰማያዊ ውሃ ወደ ቦዩ ያንዠቀዥቃል።

«ትናንት ቀይ ነበር» አላት ዘበኛው፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው።

ከቦዩ ወዲህ ሰፊ ጉድጓድ ተቆፍሮ ግንበኞች ሲሚንቶ ያቦካሉ።

«ይሄስ?»

«ማጣሪያ ሊተከል ነው አሉ።»

ይባስ ግራ ገባት። ስንት ዓመት ዝም ተብሎ አሁን ምን ተገኘ? በቀጥታ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጋሼ፣ ማጣሪያው ዛሬ ለምን ታሰበ?»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። «ሰው ከጠየቀሽ ለምድሪቱ አዝነን ነው በይ።»

«ለእኔስ?»

ሳቅ አለ። «ትልቁ ደንበኛችን ውሃችሁን ካላጣራችሁ አልገዛም አለ። ባንኩም ብድር ስጠይቅ መጀመሪያ ያነሳብኝ ይህንኑ ነው። ዝናብ በበረታ ቁጥር ደግሞ ቦዩ ሞልቶ የሚገባው እኛው መጋዘን ነው።» መነጽሩን መልሶ እያደረገ፣ «ልጄም አባትሽ ምን ይሠራል ሲሏት ወሬ ትቀይራለች። ይቺን ለቦርዱ አልነገርኩም» አለ።

«ከሁሉም የትኛው ገፋዎት?»

«እንጃ። አንዱ ብቻውን ቢመጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ እል ነበር።»

እትዬ ቅጥር ለኬሚስቷ ደውላ የሰማችውን ሳትቀንስ ሳትጨምር ነገረቻት፤ ሰማያዊውን ውሃ እንኳ አልደበቀችም። የሥራ አስኪያጁን ልጅ ጉዳይ ብቻ የግላቸው ነው ብላ ተወችው።

«ማጣሪያው ሥራ ሳይጀምር አልመጣም» አለች ኬሚስቷ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ቤት እኮ ስለ ማጣሪያ የሚያውቅ ሰው የለም። መጥተሽ አንቺው አስጀምሪው።»

«መጀመሪያ ጉድጓዱን ልየው» አለች ኬሚስቷ።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ጎንበስ ብለው ቆመው ነበር። ኬሚስቷ አሸዋው የት፣ ጠጠሩ የት እንደሚነጠፍ በጣቷ ታሳያለች፤ ጥያቄ የምታዥጎደጉደው ግን እትዬ ቅጥር ነበረች።