ሮማነወርቅ ለምስጋና ስትወጣ

ሐኪሙ ከእንግዲህ የቀራት ማስታገሻ ብቻ እንደሆነ በነገራት ማግስት፣ ጡረተኛዋ መምህርት ሮማነወርቅ ዲላ ገበያ አጠገብ ጨርቅ ወደምትሸጠው ጓደኛዋ ወደ ሀዲጃ ሱቅ ሄደች።

«ጨለለቅቱ ውሰጂኝ» አለቻት። «እማማ ሙሉካን ላመስግናቸው። ስሞት ሰው ሁሉ ለቀብሬ ከሚንከራተት፣ እኔው ቆሜ ሳለሁ ልድረስለት።»

ሙሉካ፣ ሮማነወርቅ ገና በወጣትነቷ ከደብረ ብርሃን ጨለለቅቱ ለመምህርነት ተመድባ ስትመጣ ቤታቸውን የከፈቱላት ሴት ናቸው። ሀዲጃ አልቅሳ ሲወጣላት ሱቋን ዘጋችና የሟች ባሏን አሮጌ ፒካፕ አስነሳች።

ችግሩ፣ ሀዲጃ መንዳት የጀመረችው ባሏ ከሞተ ወዲህ ነው። ዳገቱን ሞተሩን እያስጮኸች ትወጣለች፣ ቁልቁለቱን ዝም ብላ ትለቀዋለች፤ ሞተር ሳይክል ባየች ቁጥር ደግሞ መሪውን ትታ «ያ አላህ!» እያለች ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ሐኪሙ እንኳ ጥቂት ወር ሰጥቶኛል!» ጮኸች ሮማነወርቅ። «አንቺ ይርጋጨፌንም ላታሳዪኝ ነው?»

«ለመሞት የተዘጋጀሽ መስሎኝ!»

«በአንቺ መኪና አይደለማ!»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሮማነወርቅ የሐኪሙን ቃል ከሰማች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ሀዲጃ አቋራጭ ነው ብላ በኮንጋ በኩል ወደ ጭቃው መንገድ ታጠፈች። ለላም አሳልፋለሁ ስትል ፒካፑ ቦይ ውስጥ ገባ። ማንም አልተጎዳም፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ዝናቡም ጀመረ። ያኔ ባዶ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ከቀብር ሲመለሱ ደረሱ።

«እማማ፣ ወደ ቡና ማጠቢያው እንሸከምዎ፤ እዚያ ይጠለሉ። መኪናውን እኛ እናወጣዋለን» አለ ይርጉ የሚባለው፣ ግንባር ቀደሙ።

ሮማነወርቅ ቃሬዛውን አየችው። «ቅድም ማን ነበር የተኛበት?»

«አንድ ሽማግሌ። ቀብረናቸው መምጣታችን ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» አለች ሀዲጃ አፏን ይዛ።

«ልሞክረው እስቲ» አለች ሮማነወርቅ። «ይመቻል አይመችም ብሎ የነገረኝ የለም።»

ተኛች፤ ለዝናቡ ፕላስቲክ አለበሷት። መታጠፊያው ላይ እሸት ቡና የተሸከሙ ሴቶች ሲያዩዋቸው ሸክማቸውን አውርደው ለቅሶ ጀመሩ። ሮማነወርቅ ፕላስቲኩን ገለጥ አደረገችና ቀና አለች።

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ገና ነኝ!»

አንዷ እየጮኸች እንሰቱ ውስጥ ገባች። ተሸካሚዎቹ መሸከም እስኪያቅታቸው ስቀው ቃሬዛውን ጭቃው ላይ አስቀመጡት። ሸሽታ የነበረችውም ተመልሳ እየሳቀች የሮማነወርቅን ጉንጭ ደጋግማ ሳመች።

መኪናው ከቦዩ ወጥቶላቸው ጨለለቅቱ ሲደርሱ መሽቶ ነበር። የሙሉካ ዓይን ደክሟል፤ በድምጿ ለዩዋት። ሮማነወርቅ መንገዱን ሙሉ ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፋባትና እጃቸውን ብቻ ያዘች።

«አመሰግናለሁ ልልዎት ነው የመጣሁት።»

«ለምኑ? አንቺ ማታ ማታ ጮክ ብለሽ ስታነቢ ልጆቼ ፊደል ለዩ። ማመስገን እኔ ነኝ ያለብኝ።» ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱት። «ከስተሻል። ታመሻል?»

«አዎ፣ እናቴ። አልድንም።»

«ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ። ዛሬ ግን ስስቅ ረስቼው ዋልኩ።»

«እኔም እፈራለሁ» አሉ ሙሉካ። «በይ ብይ፣ ቆጮው ሳይቀዘቅዝ።»

ሮማነወርቅ እስከ ክረምቱ በሕይወት ቆየች። አቅም ባገኘች ቁጥር ሀዲጃ ወደ ቡሌም ወደ ሌላም ቦታ ይዛት ትወጣለች፤ አንዴ የድሮ ባልደረባዋን፣ አንዴ የትምህርት ቤቱን ዘበኛ በር ያንኳኳሉ። አብዛኞቹ ምን እንዳደረጉላት ረስተውታል። እሷ ቁጭ ብላ ትነግራቸዋለች።