ለአንድ ሰው የሚሆን ሰም

ሐሙስ ጠዋት እንደ ወትሮው ከመንጋቱ ትንሽ ቀደም ብዬ ተነሣሁ። ውኃ ጥጄ ሻይ አፈላሁ፤ ወተት ጨመርኩበት። ዳቦ ጠብሼ ቅቤ ቀባሁ። ሬዲዮው ከደቡብ ነፋስ እንደሚነሣ፣ ከሰዓት በኋላም ሙቀቱ እንደሚበረታ ተናገረ። የጓሮውን በር ከፍቼ ከጥዶቹ የረገፈውን ጠረግሁ። ነጫጮቹ በቀቀኖች የኤሌክትሪክ ሽቦው ላይ ተደርድረው ይንጫጫሉ። ልብስ አጥቤ አሰጣሁ። የሻይ ስኒዬን እያጠብኩ ሳለ የክላይቭ መኪና ከበሩ ፊት ቆመ።

ክላይቭ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማችን በቪክተር ሃርበር ባለው የስፖርት መኪና ማኅበራችን ውስጥ እንደሱ አብዝቶ የሚናገር ሰው የለም። ብዙ ጊዜ የሚናገረው ትክክል ነው፤ ችግሩ ትክክል መሆኑን እሱም ማወቁ ነው። ሰላምታውን እንደ ነገሩ ሰጥቶኝ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ገባና የመኪናውን ሽፋን ገለጠ።

መኪናችን ኤም ጂ የሚባል ጥቁር አረንጓዴ የድሮ የስፖርት መኪና ነው፤ ሁለት ወንበር ብቻ ያለው፣ ጣሪያው ሸራ የሆነ። ባሌ ሮስ ከሞተ ወዲህ ሽፋኑ ተነሥቶ አያውቅም ነበር። ክላይቭ ጣቱን ኮፈኑ ላይ ጎተተና ጣቱን አየው።

«ኤልስፔት፣ ይኼ ቀለም እኮ እየሞተ ነው። ኖራ የነሰነሱበት ይመስላል።»

«አቧራ ነው።»

«አቧራ አይደለም። ስሚኝ፣ እሑድ የማኅበሩ የመኪና ትርዒት ነው። ስጪኝና እኔው አሳምሬ ላቅርበው። ከዚያ በኋላም እኔ ጋ ይቀመጥ። አንቺም ትገላገያለሽ።»

መገላገል የሚለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ፈጥኜ የምመልስ ሰው አይደለሁም። የዚያን ዕለት ግን ሳላስበው መለስኩ።

ማኅበራችን አንድ የማይላላ ሕግ አለው። ለትርዒት የሚቀርብን መኪና የሚያሳምረው ባለቤቱ በገዛ እጁ ነው፤ ከቤቱ ትርዒቱ እስከሚካሄድበት የባሕር ዳርቻ ሣር ድረስም ራሱ ነድቶት ይመጣል። ጭኖ ማምጣት የለም፤ ሰው ቀጥሮ ማሠራትም የለም።

«እሑድ ሣሩ ላይ ታገኘዋለህ» አልኩት። «እኔው አሳምሬው፣ እኔው ነድቼው።»

«አንቺ?»

«እኔ። ካላቃተኝ እኔው ጋ ይቀራል። ካቃተኝ ቁልፉን ውሰድ።»

ክላይቭ ሣቀ። «ምስክር ያስፈልገናል።»

«ምስክርማ አለ!» አለ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ። ሊዮኒ ናት፣ ጎረቤቴ። ዕድሜዋን ሙሉ ፀጉር ሠሪ የነበረች፣ ቢጫ ትንሽ የስፖርት መኪና ያላት፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ከባለቤቶቹ ቀድማ የምትሰማ ሴት። «ሁሉንም ሰምቻለሁ! ክላይቭ፣ እሑድ ስትሸነፍ ፊትህን ፎቶ አነሣዋለሁ!»

«አንቺ ሥራ የለሽም? አጥር ላይ ተንጠልጥለሽ አረጀሽ እኮ።»

«ሥራዬ ይኼ ነው፣ ውዴ!»

ክላይቭ ከሄደ በኋላ ልቤ ይደልቅ ነበር። ፍርሃት መሰለኝ፤ ፍርሃት ግን አልነበረም። የቤት ጫማዬን አውልቄ የሥራ ጫማ አደረግሁ።

መኪናውን አጥቤ አደረቅሁና ሮስ ቀለሙን ያብረቀርቅበት የነበረውን ሰም ከመደርደሪያው አወረድኩ። ክብ ቆርቆሮ ውስጥ ያለ ቢጫ ደረቅ ሰም ነው፤ ሮስ ከእሱ ሌላ የሚያምነው አልነበረም። ሥራውን በየዓመቱ አብሬው ስለሠራሁ የማውቀው መስሎኝ ነበር። በስፖንጅ ኮፈኑን ቀባሁ፤ ከዚያ ፓራፋንጎዎቹን፣ በሮቹን፣ የኋላውን። ዞሬ ዞሬ ወደ ኮፈኑ ስመለስ ሰሙ ደርቆ ተጣብቋል። ብወለውለው ጨርቁ ይንሸራተታል እንጂ ሰሙ ንቅንቅ አይልም። መኪናው በሙሉ ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ።

ሊዮኒ በጓሮ በር ገባች፤ እንዳየችው ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ምነው፣ የሠርግ ኬክ አደረግሽው?»

«አልለቅ አለኝ።»

«እንዴት ይለቃል! በዚህ ትከሻሽ ከድንጋይ ሰም ጋር ትታገያለሽ? እሱ የጎረምሳ ክንድ ይፈልጋል።»

«ሳይሆን አይቀርም» አልኩ።

ትከሻዬ ግን አልነበረም። ጨርቁን እንደያዝኩ ቆሜ ነገሩ ገባኝ። ሮስ እየቀባ ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከስንዝር የማይበልጥ ርቀት ላይ ሆኜ እየጠረግሁ እከተለዋለሁ። እንዲህ እናድርግ ብለን ተነጋግረን አናውቅም። ወሬያችን ስለ ዓሣ ገበያውና ስለ ሰፈሩ ሰው ነበር፤ እጃችን ሥራውን ያውቀዋል። ሰሙ ለመድረቅ ጊዜ አግኝቶ አያውቅም። መጥፎ ሰም አይደለም፤ የሁለት ሰው ሰም ነው።

ይህን ለሊዮኒ አልነገርኳትም።

«ቀለል ያለ ሰም ያስፈልገኛል» አልኳት።

«ቀለል ያለ! እዚህ ቤት ውስጥ? ሮስ ይህን ቢሰማ...» ብላ አፏን ያዘች።

«ነገ ያለሽን ሁሉ ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ከዚያ በደረቀው ላይ ትኩስ ሰም እየቀባሁ፣ ሲለሰልስለት ቶሎ እየጠረግሁ፣ መዳፍ በምታህል ቦታ እየተሻገርኩ እስኪመሽ ድረስ አነሣሁት።

ዓርብ ሊዮኒ ቅርጫት ሙሉ ዕቃ ይዛ መጣች። ኮኮናት ኮኮናት የሚሸት ለስላሳ ሰም በብልቃጥ፣ ወተት የሚመስል ፈሳሽ ሰም በጠርሙስ፣ የሚረጭ ሰም ደግሞ በሌላ ጠርሙስ። እኔ በወረቀት ፕላስተር ኮፈኑን በአራት ማዕዘን ከፋፈልኩና በየፕላስተሩ ላይ ቁጥር ጻፍኩ፤ ለሮስ ሰምም አንድ ቦታ ሰጠሁት።

«ይኼኛውስ ለምን ባዶ ይሆናል?» አለች ሊዮኒ።

«ያልተቀባ ከሌለ ከምን ጋር እናወዳድረዋለን?»

«መምህርቷ ተነሣች! ጠመኔሽ የት አለ?» ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ ማስተማሬን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ሐሙስ በንዴት ዘልዬው የነበረውን ሥራ አስቀደምኩ፤ የደበዘዘውን ቀለም በማጽጃ ፖሊሽ ማሸት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዳሸሁ ጨርቁ አረንጓዴ ሆነ።

«አቁሚ!» ጮኸች ሊዮኒ። «አቁሚ ሴትዮ! ቀለሙን እየፋቅሽው ነው!»

«የሞተው ነው የሚወጣው። የድሮ ቀለም ነው፤ በላዩ ሌላ ሽፋን የለውም። በስሱ ከሆነ አይጎዳም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

እርግጠኛ ነበርኩ። ጨርቁን ገልብጬ በንጹሑ በኩል ጠረግሁት። ከሥሩ ዝናብ የመታው ቅጠል የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ብቅ አለ።

«ሊዮኒ፣ እዪ! እዪው!» አልኩ። ድምፄ ከአጥሩ አልፎ ሳይሰማ አልቀረም።

ከዚያ ሰሞቹን እያንዳንዳቸውን በየቦታቸው ቀባሁ። የሚረጨው በአንድ ጊዜ ተጠርጎ አበራ። ሊዮኒ አትክልት ማጠጫውን አንሥታ ውኃ አፈሰሰችበት፤ ውኃው እየተንከባለለ ወረደ።

«አለቀ! ይኼ ነው! ሻይ አፍዪ!»

«ቆይ። በሳሙና እንጠበው፤ ፀሐይም ይምታው።»

ምሳ የሥጋ ፓይ በልተን ስንመለስ እንደገና ውኃ አፈሰስን። የሚረጨው ሰም ያለበት ቦታ ላይ ውኃው ባዶው ላይ እንዳለው ተዘርግቶ ተኛ።

«ከሃዲ!» አለችው ሊዮኒ።

ኮኮናቱ ውኃውን በደንብ ያባርራል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲነካው ጅራፍ ጅራፍ የመሰለ መስመር አወጣ፤ በአርማው ጥግ የገባውንም በጥርስ ብሩሽ መፋቅ ነበረብኝ። ሊዮኒ ዳቦ ላይ ቀብታ ልትበላው እንደምትችል ነገረችኝ። ፈሳሹ ግን ሌላ ነው። ሲቀባ መስተዋት ላይ እንደተነፈሱበት ጭጋግ ይላል፤ ትንሽ ከቆየ በኋላ ጨርቁ ገና ሲነካው ይለቃል። ቢቆይም አይጣበቅም። ታጥቦ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ውኃው አሁንም እየተንከባለለ ይወርዳል።

ክላይቭ በዚህ መሐል ደረሰ። ሊሰልል እንደመጣ ከአካሄዱ ያስታውቃል።

«ባለሙያው መጣ!» አለች ሊዮኒ። «ና እስቲ፣ ሁሉን አዋቂ። ከነዚህ ውስጥ የወንድምህን ሰም አሳየን።»

«ይኼማ የልጆች ጨዋታ ነው።» ክላይቭ ሻካራው በደንብ እንዲሰማው ስስ ፌስታል እጁ ላይ አጥልቆ እያንዳንዱን ዳሰሰ። ጎንበስ ብሎ ብርሃኑን አየ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። «ሦስት ቁጥር። እንዲህ ያለ ጥልቀት የሚሰጠው የሮስ ሰም ብቻ ነው። ተኝቼም አውቀዋለሁ።»

ሊዮኒ የፈሳሹን ሰም ጠርሙስ ከጀርባዋ አውጥታ ከፍ አደረገችው። ከዚያ ጨፈረች፤ በእውነት ጨፈረች፤ ማጠጫው እግሯ ሥር ተደፋ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ከሱፐርማርኬት! ከዕቃ ማጠቢያ ሳሙናው አጠገብ!»

«አይደለም።»

«ተኝተህም አታውቀውም፣ ነቅተህም አታውቀውም!»

ክላይቭ ጠርሙሱን ተቀብሎ አገላበጠው፤ አሸተተው። ከዚያ ማጠጫውን ራሱ ሞልቶ አፈሰሰ። «እንዴ! እዪው፣ እዪው እንዴት እንደሚሸሽ!» ደግሞ አፈሰሰ። ሦስታችንም ራሳችንን አገጣጥመን ኮፈኑ ላይ አጎነበስን። በድንገት ቀና አለና እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«እኔ ምንም አልረዳሁም። ሰሙን አልነካሁም።»

«አልነካህም» አልኩት።

ቅዳሜን ለብቻዬ አሳለፍኩ። ጋራዡን ግማሽ ከፍቼ፣ በጥላው፣ አንድ ክፍል ብቻ እየያዝኩ ሠራሁ። አሸሁ፣ ቀባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ጠረግሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ቀኝ በሩን ስጨርስ ያሰጣሁት አንሶላ እየተወዛወዘ የበሩ ቀለም ውስጥ ታየኝ። ሌላ ለማየት ቸኮልኩ፤ ግራውን በር ያዝኩ። ትከሻዬ አላመመኝም ማለት አልችልም፤ ለመታመም ጊዜ ማግኘቴን ግን አላስታውስም።

«ማነው የሚዘፍነው?» አለች ሊዮኒ ከማዶ።

«ሬዲዮው ነው።»

«ሬዲዮሽ ድምፁ ይሰነጠቃል!»

እሑድ ሸራውን አጥፌ ወጣሁ። ሞተሩ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ ከዚያ ተነሣ። በባሕር ዳርቻው መንገድ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ ነፋሱ ፀጉሬን በተነው፤ የቆሙ ሰዎች እጃቸውን አነሡ፤ እኔም ጡሩንባ ነፋሁላቸው። ጡሩንባ የምነፋ ሴት መሆኔን አላውቅም ነበር። ሣሩ ላይ ስደርስ ክላይቭ የእኔን ቦታ ይጠብቅ ነበር። መኪናውን ዞረና ጣቱን ኮፈኑ ላይ ጎትቶ አየው፤ ንጹሕ ነበር።

ዳኛዋ ከጎኔ ካለው መኪና ስትደርስ አንዲት የባሕር ወፍ በላያችን አለፈች፤ ከኮፈኔ መሐል ላይ ኩሷን ጣለችበት።

«ውኃ!» ጮኸ ክላይቭ። «ውኃ አምጡ! እንዳትፈትጊው! ጨርቄን ውሰጂ!»

«ሕጉስ?» አለችው ሊዮኒ።

«ሕጉ ገደል ይግባ!»

እኔ ግን የራሴን እርጥብ ጨርቅ ይዤ ነበር። አላሸሁትም፤ አኖርኩበትና አነሣሁት። አንድ ጊዜ በደረቁ አለፍኩበት። በቦታው ጥዱና ሰማዩ ታዩ፤ ሌላ ምንም የለም። ክላይቭ ትንፋሹን ለቀቀ። ዳኛዋ ቀና ስትል እኔ ጨርቁን አጥፌ ቆሜያለሁ።

በትንሽ መብራት ኮፈኑን፣ የበሮቹን ጠርዝ፣ የአርማውን ጥግ አየች።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«ምን ሰም ነው? የድሮው ደረቁ ይመስላል።»

ሊዮኒ በጎኗ ክላይቭን ገፋችው።

አሸናፊዎቹ የሚጠሩት ከምሳ በኋላ ነው። መሬይ፣ የማኅበራችን ጸሐፊ፣ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ሦስተኛውን ጠራ። የሊዮኒ ቢጫ መኪና አልነበረም፤ እሷም ተሳደበች። ከዚያ፣ «ሁለተኛ! ጥቁር አረንጓዴው ኤም ጂ!» አለ።

ሊዮኒ ጮኻ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ክላይቭ ሁለት ጣቱን አፉ ውስጥ ከትቶ አፏጨ፤ ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ፣ «ቁልፉን ያዢው፣ ግትር» አለኝ። ሰዉ ያጨበጭብ ነበር። ልቤ እንደ ሐሙስ ጠዋቱ ይደልቃል። ቁልፉን ጨብጬ ወደ ፊት ተራመድኩ።

መሬይ በየዓመቱ ባለቤቶቹን በስም ይጠራል፤ እኔንና ሮስን አንድ ላይ ነበር የሚጠራን።

«ኤልስፔት ትሬንጎቭ እና...» አለና ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ኤልስፔት ትሬንጎቭ!» አለ እንደገና፣ ከበፊቱ ጮክ ብሎ።

እጄን አነሣሁ። ጥሪው በዚያ አበቃ። የሮስ ስም የለበትም።