ጾም ያልተፈታለት በሬ

ሀይማኖት የደወለችልኝ በ2003 ዓ.ም. ሰኔ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የተመደበች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናት። ዕድሜዋ ሃያ አራት ቢሆን ነው፤ ምላሷ ግን ከዚያ ይበልጣል። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም የጻፍኩት መጽሐፍ በሬ እየገደለ እንደሆነ ነገረችኝ። መርፌውን ይዛ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለት ጊዜ ተመልሳለች። ሦስተኛውን እኔው መጥቼ በሬው ሲሞት ቆሜ እንዳይ አለችና ዘጋችው።

መጽሐፍ ያለችው ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ ለአንድ ፕሮጀክት ያዘጋጀኋትን ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ መመሪያ ነው። ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ መርጫ መድኃኒት በርበሬ ለሚያመርቱና ከብት ለሚያረቡ ሠላሳ ሰባት ገበሬዎች የተጻፈች ናት። ኮምፖስት እንዴት እንደሚደረደር፣ የከብቱ ማደሪያ በበጋ ከማሳ ማሳ እየተዛወረ መሬቱን እንዴት እንደሚያፋፋ፣ በርበሬ ከምን እህል ጋር እንደሚፈራረቅ ታስተምራለች። ለእያንዳንዷ ገጽ ተጣልቻለሁ። ያን ጊዜ ማዳበሪያ በኮታ ይታደል ነበር፤ አልፈልግም ያለ ገበሬ ስሙ በስብሰባ ይነሳል። አርባ ዓመት ያረሰን ሰው ሪፖርት ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቅ ካድሬ ስለገዛ መሬቱ ሲገስጸው እያየሁ ዝም ማለት አልችልም ነበር። ገበሬውን እመኑት እያልኩ በየአዳራሹ ጮህኩ፤ ሁለት ጊዜም ከአዳራሽ ወጣ እንድል ተደርጌያለሁ።

በርበሬውን የሚረከበው ነጋዴ ደግሞ የራሱ ሕግ ነበረው። ከሠላሳ ሰባቱ የማኅበር አባላት አንዱ መመሪያውን ቢያፈርስ የሁሉም በርበሬ ጭማሪው ቀርቶ በተራ ዋጋ ይሸጣል። ገበሬዎቹ ይህን ሲሰሙ ነገሩን በቶሎ የተረዱት በሚያውቁት መንገድ ነው፤ መመሪያውን «ጾሙ» አሉት። ተደብቆ ዩሪያ የነሰነሰ ወይም ከብቱን መርፌ ያስወጋ «ገደፈ» ይባላል። ይህ አጠራር በጣም ደስ አሰኝቶኝ ነበር። በየሥልጠናው እየደጋገምኩ ተናገርኩበት።

ከሀይማኖት ጋር ከግቢው ስንደርስ በሬው ከቤቱ ጥላ ሥር ተኝቷል። ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጠጉሩ ቆሟል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ የጎድን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠራል። ገንዲ ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው የሚመለሱ ከብቶችን ዝንብ እየነደፈ የሚያስይዛቸው በሽታ፣ በአንድ መርፌ የሚድን። ባለቤቱ ደጊቱ ትባላለች። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እርሻዋን ወንድሟ ያርስላታል፤ ያላት ጥማድ ይኸው ቦራና አንድ ሌላ በሬ ነው። ቦራ ከሞተ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ግማሽ ምርቷን ለሌላ ልታሳፍስ ነው፤ በዚያ ግማሽ ደግሞ አራት ልጆች አይከርሙም።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት እየወቀጠች አጠጥታዋለች፤ ጠበልም ረጭታበታለች። እኔ ግን ተቆጣሁ። በሬ እያየች መግደሏ ከየት የመጣ እልከኝነት እንደሆነ፣ ባለሙያ ደጃፏ ድረስ መጥታ እንዴት እንደምትመልስ፣ ብዙ ተናገርኩ። ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«አንቱ አይደሉም ወይ ጾም ቀዳዳ የለውም ያሉን?» አለች። «እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር። ለታመመስ ብዬ።»

እኔ አላስታውሳትም ነበር። አሁን ግን የሥልጠናው አዳራሽ ትዝ አለኝ፤ ከኋላ የተነሳች ሴት ትዝ አለችኝ። ጥያቄዋን ሳትጨርስ ነው ያቋረጥኳት። ሰዉ ስቆ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ የባሰውን ግን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። መመሪያዋን ያዘጋጀሁት ከነጋዴው ሕግ ላይ እየተረጎምኩ ነው። በዚያ ሕግ ውስጥ የታመመ እንስሳ መድኃኒት እንዳይከለከል፣ ታክሞ ለተወሰነ ጊዜ ተለይቶ እንዲቆይ የሚል አንቀጽ ነበረበት። አንብቤው በቀይ እስክሪብቶ ሠረዝኩት። አንድ በር ከከፈትኩላቸው ሁሉም በዚያ ያልፋሉ ብዬ ነው። ገበሬውን እመኑት እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ ብቻዬን ስሆን አላመንኳቸውም።

ሀይማኖትን ውጊው አልኳት። ደጊቱ ግን ሄዳ በበሬው ሽንጥ ላይ እጇን አሳረፈች።

«የኔ ብቻ ቢሆን አሁኑኑ ይወጋ ነበር፤ በርበሬው ግን የሠላሳ ሰባት ቤት ነው» አለች። «እርስዎ ነገ ፍኖተ ሰላም ነዎት። እኔ እዚሁ ነኝ፤ ውኃ የምቀዳው ከነሱ ሚስቶች ጋር ነው።»

ልክ ነበረች። ሀይማኖት አባላቱን ልትጠራ ሄደች፤ ከቀትር በኋላ ሃያ የሚሆኑት ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሊቀመንበሩ አምላኩና ከአባላቱ አንዱ የሆኑት ቄስ ገብረሰንበት ፊት ላይ ተቀመጡ። ለነጋዴው ደውዬ እንዳረጋገጥኩ፣ ሕጉ ከመጀመሪያውም ሕክምናን እንደሚፈቅድ፣ አንቀጹን ያወጣሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም።



«ጥር ላይ ጊደሬ ሞታለች» አለ አምላኩ። «ሳንባዋን ታማ። መርፌ ነበረው?»

ሀይማኖትን አየኋት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ነበረው» አልኩት።

«እንግዲያስ ጾመኛ ሆና አይደላ የሞተችው።»

«በኔ ነው የሞተች፣ አያ አምላኩ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ግን የምለው ለነሱ ሳይሆን የራሴን ልብ ለማሳረፍ እንደሆነ ሳስብ ተውኩት። ቄስ ገብረሰንበት መቋሚያቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«እኛ ለታመመ ጾም እንፈታለን፣ ለአራስ እንፈታለን» አሉ። «አንተ ልጄ ከኛ ከቄሶቹ ጸናህ። ጳጳስ ልትሆን ነው መሰለኝ።»

ሳቁብኝ፤ የሚገባኝ ሳቅ ነበር። ከሳቁ መሃል አምላኩ ተነሥቶ እጅጌውን ሰበሰበና የቦራን ቀንድ ያዘ። ሀይማኖት መርፌውን ከጡንቻው ጠለቅ አድርጋ ወጋችው። ደጊቱ ፊቷን አዙራ ነበር።

ሀይማኖት ሦስት ቀን ሳይሞላ ይድናል ብለን ተስፋ እንዳናደርግ አስጠነቀቀች። ቀለል ያለ ድርቆሽና ውኃ፣ ጥላ፣ እርሻ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የታከመበት ቀን ተጽፎ ይያዝ፤ እበቱም ለጊዜው ለብቻ ይጠራቀም፣ በርበሬ ማሳ እንዳይገባ። እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም አልተመለስኩም፤ ቄስ ገብረሰንበት ዘንድ አደርኩ። በየማለዳው ወደ ደጊቱ ግቢ ስመጣ በሬው እንደተኛ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጭራሽ አፉን ከድርቆሹ አዞረ። ደጊቱ ሽሮ ሠርታ አበላችኝ፤ ያ ደግሞ ከስድብ ከበደኝ።

እሑድ ጠዋት ቦራ በፊት እግሮቹ ተንበረከከ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። እንደ ሰከረ ሰው ወደ ገንዳው ሄዶ ጠጣ። በዚያ ክረምት እንደማያርስ ሀይማኖት ቁርጡን ስትናገር፣ ጊደር የሞተችበት አምላኩ ከራሱ በሬዎች አንዱን ከደጊቱ ሁለተኛ በሬ ጋር ሊያቀናጅላት እንደሚችል ለወንድሟ ነገረው። ለእኔ አልነገረኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም መመሪያቸውን ይዘው መጡ። አንዳንዱ በላስቲክ ጠቅልሏታል፣ አንዳንዱ በጨርቅ፣ እንደ ዳዊት። ለማሳተም ወራት ስለሚፈጅ አንቀጹን በእጄ ልጽፍላቸው ነበር። በመጀመሪያዋ ላይ «እንስሳት በሕመም ምክንያት የሕክምና አገልግሎት በሚያስፈልጋቸው ወቅት» ብዬ ጀመርኩና ለደጊቱ አነበብኩላት።

«ይኼን የጻፉት ለመሥሪያ ቤት ነው» አለች። «ከብት ከታመመ ይታከም። ሰው አይጠየቅም፣ ጉባኤ አይጠራም። እበቱ ለብቻ ይቀመጥ። በቃ።»

እሷ እንዳለችው ጻፍኩት። ሠላሳ ሰባት ጊዜ። እጄ ሲዝል ሀይማኖት ላግዝህ አለችኝ፤ አምላኩ ግን ከለከላት። የእሱ መመሪያ የመጨረሻዋ ነበረች። አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበበና መልሶ ሰጠኝ፤ ከሥሩ ስሜንና ቀኑን እንድጨምር አዘዘኝ። ስሜን ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ የዛሬውን ይሁን ወይስ መመሪያዋ የወጣችበትን ብዬ ጠየቅሁት።

«የዛሬውን ጻፍ» አለኝ። «ይኼ ቃል ከዛሬ በፊት እንዳልነበረ ይታወቅ።»